እንጦጦን የለመደ ሰው ሳነቴ ላይ ለምን ራሱን ያመዋል?

ከባሌ ስንመለስ ባቱ (ዝዋይ) ላይ ለምሳ ቆምን። ቦርሳዬን ስከፍት ባዶው ሃይላንድ ጭምድድ ብሎ አገኘሁት። ማንም አልተቀመጠበትም። ክዳኑም ጥብቅ እንዳለ ነው። ጠዋት የባሌ ተራሮች አምባ በሆነው ሳነቴ ላይ የመጨረሻዋን ጉንጭ ጠጥቼ፣ ከድኜ፣ ቦርሳዬ ውስጥ የወረወርኩት ሃይላንድ ነው። ያኔ ቅርጹ ደህና ነበር። ባቱ ሲደርስ ግን ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ፣ አንድ ሰው በእጁ ጨምቆ የለቀቀው ይመስላል።

አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ አየት አድርጎት ሳቀ። ሌሊቱን ከሳነቴ በመኪና ጎባ ያወረዱት እሱን ነው። ታላቁ ሩጫን በየዓመቱ የሚሮጥ፣ እንጦጦን እንደ ሰፈሩ ዳገት የሚቆጥር ልጅ ነው። እኛ ከኋላ እያለከለክን ስንከተለው የኖርን ሰዎች ድንኳን ውስጥ ስንተኛ፣ እሱ ውጭ ተንበርክኮ ያስመልሰው ነበር።

ሃይላንዱን ያጨማደደውና ጓደኛዬን የጣለው ነገር አንድ ነው። ስለሱ ነው ዛሬ ማውራት የፈለግኩት። ምክንያቱም የአዲስ አበባ ሃይከር አሁን ወደ ትልልቆቹ ተራሮች ዓይኑን እየጣለ ነው፣ ስለ ከፍታ ያለን እምነት ደግሞ ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስህተት ነው።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ታውቁታላችሁ። ድሮ ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳ አዝሎ ተራራ የሚወጣ ሰው ካያችሁ ወይ ፈረንጅ ነው፣ ወይ ወደ ገዳም የሚሄድ ተሳላሚ ነው። (ዝቋላን ከሃይከሮች ሁሉ በፊት የሚያውቁት የአቦን ክብረ በዓል ለማክበር የሚወጡት እናቶች ናቸው። ብዙዎቹ በባዶ እግራቸው። ይህን የምለው አዲስ ጫማ ገዝተን ለምንኮራው ለኛ ነው።) አሁን ቴሌግራም ስትከፍቱ ማስታወቂያው ብዙ ነው። የረር፣ ዝቋላ፣ መናገሻ ሱባ፣ ወንጪ፣ ደብረ ሊባኖስ። "ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ ውሃና ፎቶ ያካትታል።" የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ሲከፈት ደግሞ ሃይኪንግ ሞክሮ የማያውቅ ሰው ሁሉ ስኒከር አድርጎ ዳገት ወጣ።

ከዚያ ባሌ መጣ። በመስከረም 2016 ዩኔስኮ ሪያድ ላይ ባደረገው ስብሰባ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የሰሜን ተራሮች ይህን ስም ያገኘው ገና እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ግን ወደ ሰሜን መሄድ በፀጥታው ምክንያት እንደ ድሮው አልሆነም። ስለዚህ "ትልቅ ተራራ" የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ባሌ ላይ አረፈ። ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጅብራ አለ፣ የሀረና ደን አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መንገድ አለ።

የኔ ታሪክ ከዚህ መንገድ ይጀምራል። ወደሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን አየሩ።

"ኦክሲጅን የለም" ስንል

ተራራ ላይ "ኦክሲጅን ያንሳል" እንላለን። አባባሉ ትንሽ ያሳስታል። አየር ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ድርሻ ባቱም ላይ፣ አዲስ አበባም ላይ፣ ሳነቴም ላይ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚለወጠው አየሩ ራሱ ነው። ይሳሳል።

አስር ጋቢ አጣጥፋችሁ ብትደራርቡ ከሥር ያለው ድፍጥጥ ይላል፣ ከላይ ያለው እንደተነፋ ይቀመጣል። አየርም እንደዚያው ነው። ክብደት አለው። ቆላ ያለ ሰው በላዩ የተከመረው አየር ብዙ ስለሆነ በዙሪያው ያለው አየር ተጠቅጥቋል። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ከራሳችሁ በላይ የቀረው ክምር እየቀነሰ ይሄዳል፣ አየሩም እየላላ ይመጣል። አንዴ ወደ ውስጥ ስትተነፍሱ ሳንባችሁ ያው ሳንባ ነው። የምትስቡት መጠንም ያው ነው። ግን በዚያው መጠን ውስጥ የተያዘው ኦክሲጅን ጥቂት ነው።

በቁጥር ስናየው፣ አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክሲጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። እንጦጦ 3,200 ሜትር ላይ ስትደርሱ ሁለት ሦስተኛ ይሆናል። ሳነቴ 4,000 ሜትር ላይ ከ60 በመቶ ብዙም አይበልጥም። የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ አናት 4,377 ሜትር ላይ ከ60 በታች ይወርዳል። ራስ ደጀንም እዚያው አካባቢ ነው። (በነገራችን ላይ እኛ ትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ብለን የሸመደድነው ራስ ደጀን በኋለኛው ልኬት 4,550 ሜትር ገደማ ነው። ተራራው አላጠረም። መለኪያው ነው የተሻሻለው።)

አሁን ሃይላንዱ ይገባችኋል። ሳነቴ ላይ ስከድነው ውስጡ የተዘጋው የሳነቴ ስስ አየር ነው። ባቱ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ያለው ወፍራም አየር ከውጭ ሲጫነው በውስጡ ያለው ሊቋቋመው አልቻለም። ሩብ ያህሉን ቦታ አጣ፣ ፕላስቲኩም ተሰረጎደ። ስንወጣ ደግሞ ተቃራኒውን አይተን ነበር። ከአዲስ አበባ የገዛነው ቺፕስ ሳነቴ ሲደርስ ላስቲኩ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ነበር። አንዷ ልጅ "የበሰበሰ ነው የሸጡን" ብላ ልትጥለው ነበር።

ውሃም እዚያ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፓስታችን ለምን አልበስል እንዳለ ያኔ አላወቅንም። ምድጃውን ነው የተሳደብነው።

ነዳጅና ፍሬን

ሰውነት ይህን ጉድለት ያውቃል። አንገታችን ውስጥ፣ ወደ አንጎል በሚወጡት ትልልቅ የደም ሥሮች አጠገብ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል አካል አለች። ሥራዋ በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን መጠበቅ ነው። ሲያንስ ወዲያው ትጮኻለች። ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ልብም ይፈጥናል። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሆን ነው። ከመኪና ወርዳችሁ አስር እርምጃ ሄዳችሁ "እህህ" የምትሉት ለዚህ ነው። ሕመም አይደለም። ሰውነታችሁ ሥራውን ጀመረ ማለት ነው።

ግን አንድ ጣጣ አለው። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሱ ኦክሲጅን ማስገባት ብቻ ሳይሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድም በብዛት ታስወጣላችሁ። እሱ ሲያንስ የደም ኬሚስትሪ ይዛባል። አንጎል ደግሞ ትንፋሽን በዋናነት የሚቆጣጠረው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። "ቀንሷል፣ ትንፋሽ ይብቃ" ይላል። በአንድ በኩል "ተንፍስ!" የሚል ትእዛዝ፣ በሌላ በኩል "ቀስ በል!" የሚል ትእዛዝ። አንድ እግሩ ነዳጅ ላይ፣ አንድ እግሩ ፍሬን ላይ ሆኖ እንደሚነዳ ሹፌር ናችሁ።

ቀን ላይ ይህ ብዙም አይታወቃችሁም። ሌሊት ግን ጉድ ነው። ያን ቀን ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተኛችው ልጅ ትተነፍሳለች፣ ትተነፍሳለች፣ እየጠለቀ ይሄዳል፣ ከዚያ ጸጥ። ትንፋሽ የለም። እኔ አስር ሰከንድ ያህል ቆጠርኩ። ልነቀንቃት እጄን ስዘረጋ በረጅሙ ሳበችና እንደገና ጀመረች። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው። ሐኪሞች የሚያውቁት ነገር ነው። ከፍታ ላይ አዲስ የሆነ ሰው ሲተኛ ብዙ ጊዜ ይገጥመዋል፣ በራሱም አደገኛ አይደለም። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ይህን የሚነግረኝ አልነበረም።

ፍሬኑን የሚያላቅቀው ኩላሊት ነው። የተዛባውን ኬሚስትሪ በሽንት እያስወገደ ያስተካክላል። ከፍታ ላይ ሽንት የሚበዛው በብርዱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ በውርጭ ሌሊት ከስሊፒንግ ባግ ወጥታችሁ ሦስት ጊዜ ከተመላለሳችሁ አትማረሩ፣ ኩላሊታችሁ እየሠራላችሁ ነው። ግን ይህ ሥራ ሰዓታት ሳይሆን ቀናት ይፈልጋል። ቀይ የደም ሴል አብዝቶ ኦክሲጅን የመሸከም አቅምን ማሳደግ ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል። ሴሎቻችን የኦክሲጅንን ማነስ እንዴት እንደሚያውቁና እንዴት እንደሚላመዱ ለደረሱበት ሦስት ሳይንቲስቶች፣ ዊሊያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሰሜንዛ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የሕክምና ኖቤል ተሰጥቷቸዋል። ነገሩ ቀላል አይደለም ማለት ነው።

ዋናው ግን ጊዜ ነው። ሰውነት ይችላል። ግን በራሱ ፍጥነት።

"እኛ እኮ ደገኞች ነን"

አሁን ወደ ግማሽ ልክ እምነታችን እንምጣ። ባሌ ሳንሄድ አንዱ በቡድኑ ቴሌግራም ላይ "የከፍታ ሕመም አይዘንም ወይ?" ብሎ ጠይቆ ነበር። የተሰጠው መልስ "እኛ እኮ ሀበሾች ነን፣ ያ የፈረንጅ በሽታ ነው" የሚል ነበር። ከሥሩ ብዙ የሳቅ ኢሞጂ ተደረደረ። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ።

እውነት ያለበት ነገር ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ቀድሞ ሁለት ሺህ ምናምን ሜትር ለምዷል። ኩላሊቱም ደሙም የዚያን ያህል ሥራ አስቀድሞ ሠርቷል። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ሳነቴ ከሚመጣ ሰው በጣም የተሻለ ቦታ ላይ ነው። ከፍታ ምን ያህል እንደሚያግዝ ማየት የፈለገ ሰው እ.ኤ.አ. የ1968ቱን የሜክሲኮ ኦሎምፒክ ያስታውስ። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት፣ ከአዲስ አበባ ትንሽ ዝቅ ትላለች። የቆላ አገር ሯጮች በረጅም ርቀት አየር እያጠራቸው ሲቸገሩ፣ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸንፎ ገባ። አበበ ቢቂላ በጉዳት 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባያቋርጥ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ለስፖርት ሰዎች እንተወው።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ደም መረመረ። የተጠበቀው እንደ ደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ሰዎች ደማቸው ኦክሲጅን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን ወፍሮ፣ ወይም እንደ ቲቤት ሰዎች በደማቸው ያለው ኦክሲጅን ዝቅ ብሎ ማግኘት ነበር። ሁለቱም አልተገኘም። ሄሞግሎቢናቸውም፣ የደማቸው ኦክሲጅንም ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። የደማቸው የኦክሲጅን ሙሌት በአማካይ 95 በመቶ! ከፍታን የመልመድ ሦስተኛ መንገድ፣ የኢትዮጵያ መንገድ ተባለ። እንዴት እንደሚሠራ እስካሁን ተመራማሪዎችን ያከራክራል።

ባሌም የራሱ ታሪክ አለው። ፊንጫ ሃበራ የሚባል የዋሻ ጥላ አለ፣ 3,469 ሜትር ላይ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንደሚለው ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ እየተመላለሱ ኖረውበታል። ምግባቸው ምን ይመስላችኋል? የባሌ ግዙፍ ፍልፈል። እየጠበሱ። ዛሬ ቀይ ቀበሮ ሳነቴ ላይ አድብታ የምትይዘውን ያንኑ ፍልፈል። እኛ በቺፕስ ስንነታረክ እነሱ እዚያው ተራራ ላይ ጥብስ ይበሉ ነበር።

ታዲያ ጓደኛዬ ለምን ታመመ?

የሰሜን ተራሮቹ ሰዎች እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አድገው፣ ከእነሱ በፊት ደግሞ ብዙ ሺህ ዓመት ወላጆቻቸው እዚያ ኖረዋል። ከፍታው ላይ ብዙ ሺህ ዓመት በቆዩና 500 ዓመት ገደማ በቆዩ የኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች መካከል እንኳ የደም ልዩነት ታይቷል። "ሀበሻ" የሚል መታወቂያ ይዞ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ቦሌ ተወልዶ፣ ሊፍት እየተጠቀመ ያደገ ሰው አያቱ ከደባርቅ ስለሆኑ ብቻ ሳነቴ አያውቀውም።

የአዲስ አበባ ከፍታም የሚያግዘው እስከተወሰነ ነው። 2,355ን የለመደ ሰውነት 4,000ን አልለመደም። ባላገሩ ይህን ድሮ ያውቃል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብሎ አይቆምም። ከደጋ በላይ ውርጭ የሚለው አለው። ገብስ እንኳ የሚቸገርበት አገር። እኛ ደገኞች እንጂ ውርጬዎች አይደለንም።

ጉልበትስ? ጉልበት እዚህ ጋ አይሠራም። ይህ ብዙ ሰው የማይቀበለው ነው። መሮጥ የሚችል ልብና እግር ኩላሊትን አያፈጥንም። እንዲያውም ጎበዝ ሃይከር ይበልጥ ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል፣ ምክንያቱም ቶሎ ይወጣል፣ ሲያመው ደግሞ ያፍራል።

"እንጦጦ ግን ስንት ጊዜ ወጥቼ ምንም አልሆንኩም" ትላላችሁ። አዎ። ወጥታችሁ፣ ፎቶ ተነስታችሁ፣ ወርዳችሁ ቤታችሁ ስለተኛችሁ ነው። የከፍታ ሕመም ብዙውን ጊዜ እንደደረሳችሁ አይመጣም። ከስድስት እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ያህል ይዘገያል። ለሰውነት ትልቁ ጥያቄ የት ወጣህ ሳይሆን የት አደርክ ነው። ወንጪም፣ የረርም፣ ዝቋላም ይህን ጥያቄ ጠይቀውን አያውቁም።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ የተነሳነው ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ባቱ፣ ሻሸመኔ፣ ዶዶላ እያልን ጎባ ስንደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ጎባ 2,740 ሜትር ገደማ ናት። ምሳ በላን። ከዚያ መኪናው ሽቅብ ጀመረ። ይህ ሳነቴን አቋርጦ ወደ ሀረና የሚወርደው መንገድ በአፍሪካ ከሁሉም ከፍታ ላይ ያለው ነው ይባላል። ደኑ አለቀ፣ አስታው መጣ፣ አስታው አለቀ፣ ጅብራው ብቻ በጉም ውስጥ እንደ ሰው ቆሞ ቀረ። ሙዚቃ ተከፍቷል። ጮቤ እየረገጥን ነው። በአንድ ሰዓት ገደማ ከ1,200 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጣን። ከመቀመጫችን ሳንነሳ።

በእግር ቢሆን ያን ያህል ለመውጣት ረጅም ቀን ይፈጅ ነበር። ድካሙ ራሱ ያስቆመን ነበር። ባሌ ላይ የሚያሳምመን እግራችን አይደለም፣ መኪናው ነው።

የተራራ ሕክምና ባለሙያዎች የሚሰጡት ደንብ ለሚያስታውሰው ሰው ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ የምታድሩበት ቦታ ከትናንትናው ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። በየሦስት አራት ቀኑ ደግሞ አንድ ሌሊት እዚያው ድገሙ። ቀን ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ወጥታችሁ ማታ ወርዳችሁ ብትተኙ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ይመረጣል።

የሰሜን ተራሮችን የድሮ የእግር መንገድ እዩት። ደባርቅ 2,850 ገደማ፣ ሳንቃ በር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ እዚያው 3,600 አካባቢ። ከዚያ በቧሂት ጫንቃ ከ4,000 በላይ ትወጣላችሁ፣ ግን እዚያ አታድሩም። ሌላውን ወገን ቁልቁል ወርዳችሁ አምቢቆ 3,200 ላይ ታድራላችሁ። በማግሥቱ ነው ራስ ደጀን። ድሮ መኪና ስለማይገባበትና መንደሮቹ እዚያ ስለነበሩ የተፈጠረ መንገድ ነው፣ ግን ሐኪም የነደፈው ይመስላል። የሳነቴ መንገድ ደግሞ ምሕንድስናው ሲያምር፣ ለሰውነት ምንም መቆሚያ አልተወለትም።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ጓደኛዬ "ራሴን አሞኛል" አለ። እዚህ ጋ ነው ሁላችንም ሐኪም የሆንነው። አንዱ "ቡና ስላልጠጣህ ሃራራ ነው" አለ። ቡና ተፈላ። አልተሻለውም። ሌላዋ "ቀን በፀሐይ ባርኔጣ ሳታደርግ ስለዋልክ ምች ነው" አለች፣ ዳማከሴ ባለመያዟ እየተቆጨች። ሦስተኛው "ብርድ ነው የመታህ" ብሎ አረቄ ቀዳለት። እሱም ጠጣ። የዚያ ሌሊት ትልቁ ጥፋት እሱ ይመስለኛል። አልኮል ሲተኙ ትንፋሽን ያዳክማል። ፍሬን ላይ ላለ ሹፌር ሌላ ፍሬን ማከል ነው። የእንቅልፍ ኪኒንም እንደዚሁ።

ምግብ አልበላም አለ። ወደ ላይ ወደ ላይ ይለኛል አለ። ናላዬ ዞረ አለ። ራስ ምታት ከነዚህ ከአንዱ ጋር፣ ከፍታ ላይ አዲስ በደረሰ ሰው ሲታይ፣ ሌላ ምክንያት በግልጽ እስካልተገኘ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ብሎ ማሰብ ነው። ኦክሲጅን ሲያጥር አንጎል ውስጥ ያሉ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ደም ይበዛል፣ የራስ ቅል ደግሞ አይለጠጥም። አብዛኛው ሰው እዚያው ቆሞ፣ ሳይወጣ ካረፈ በአንድ ሁለት ቀን ይሻለዋል።

የሚያስፈራው ከዚህ የሚያልፈው ነው። ሁለት መልክ አለው፣ ሁለቱም ብዙ ጊዜ የማይገጥሙ ናቸው፣ ሁለቱም በሰዓታት ሊገድሉ ይችላሉ። አንደኛው ሳንባ ውሃ ሲቋጥር ነው። ሰውየው ቁጭ ብሎ፣ ምንም ሳይሠራ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያስለዋል፣ እየባሰ ሲሄድ አክታው አረፋማና ቀላ ያለ ይሆናል። ሁለተኛው አንጎል ሲያብጥ ነው። እንደሰከረ ይንገዳገዳል፣ ወሬው ይዘባረቃል፣ ዝም ይላል። መፈተኛው መሬት ላይ መስመር አስምሮ ተረከዙን ከሌላው እግር ጣት እያገናኘ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ካቃተው አይጠበቅም፣ "ይንጋና እናያለን" አይባልም። ይወረዳል። ሌሊትም ቢሆን፣ ቢዘንብም።

ጓደኛዬን ያዳነው ከኛ የተማርን ነን ባዮች አንዱ አይደለም። የአካባቢው አስጎብኚ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልጁ ከድንኳን ወጥቶ ሲንገዳገድ አየው። አረቄውን ሰማ፣ ግን አረቄ ነው ብሎ አላለፈውም። "እዚህ አያድርም" አለ። ሹፌሩን ቀሰቀሰው። አንድ ሰው ተጨመረ፣ ጎባ ወረዱ። መድኃኒቱ ይኸው ነው። ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በሳነቴ መንገድ ያለው አንድ ጥሩ ነገር እንደሚያወጣው በዚያው ፍጥነት ማውረዱ ነው። በእግር የአንድ ቀን መንገድ ርቀን ሰፍረን ቢሆንስ? እሱን ሳስብ አሁንም ይጨንቀኛል።

ስለ ኪኒን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አሴታዞላማይድ፣ በተለምዶ ዳያሞክስ የሚባለው፣ እውነትም ይሠራል። ኩላሊት ያንን ኬሚስትሪ ቶሎ እንዲያስተካክል ያግዘዋል፣ ስለዚህ መልመድን ያፈጥናል። ግን ከመሄድ በፊት ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ነው፣ ለሁሉም ሰው አይስማማም። ፓራሲታሞል ራስ ምታቱን ይቀንሳል፣ ከፍታውን ግን አይቀንስም። በኮቪድ ጊዜ የገዛናት ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክሲጅን መለኪያም ቦርሳ ውስጥ ብትገባ አይከፋም፣ ግን ቁጥሯን ብቻ አትመኑ። 4,000 ሜትር ላይ ደህና የሆነ ሰውም 80ዎቹ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ፊቱን እዩት፣ ሲራመድ እዩት።

ባሌን በደንብ ማየት ይቻላል። ሁለት ቀን ብቻ ያለው ጎባ ይደር። ጠዋት ሳነቴ ወጥቶ ውሎ፣ ቀይ ቀበሮውን አይቶ፣ ማታ ይውረድ። ተራራው ላይ ማደር የሚፈልግ ደግሞ ዲንሾ ይጀምር። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፣ 3,100 ሜትር ገደማ። የደጋ አጋዘኖቹ ከመኝታ ቤታችሁ አጠገብ ነው የሚግጡት። በማግሥቱ ወደ ወብ ሸለቆ ተሂዶ 3,500 አካባቢ ይታደራል። ከዚያ ሳነቴ። ሒሳቡ ራሱ ይገጥማል። ሁለት ሌሊት ይጨምራል፣ ገንዘብም ይጨምራል፣ ለዚህም ነው ማስታወቂያዎቹ ላይ ብዙም የማታዩት። አዘጋጆቹን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። ሁለት ቀኑን የምንመርጠው እኛ ነን። ሰኞ ሥራ አለና።

እሑድ ጠዋት ከሳነቴ ወርደን ጎባ ስንደርስ ጓደኛዬ አንድ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ፍርፍር ይበላ ነበር። ሁለተኛ ሳህን። ከስድስት ሰዓት በፊት መቆም ያቃተው ሰው ነው። "ረሃብ ነበር እንዴ?" አለው አንዱ፣ አሁንም ምርመራውን አልተወም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቡድን ሌላ የባሌ ጉዞ ለጠፈ። ጓደኛዬ ከሥሩ አንዲት ጥያቄ ጻፈ፦ "የመጀመሪያውን ሌሊት የምናድረው ስንት ሜትር ላይ ነው?" አዘጋጁ "ጠይቄ እመለሳለሁ" አለው። እስካሁን አልተመለሰም። ጓደኛዬም ብሩን አላስገባም።